ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከመቀየራችሁ በፊት፦ ደሴ ላይ የሞተር ሳይክል ኮምፕሬሽን ሲለካ

የሞተሩ መመሪያ ኮምፕሬሽኑን (ፒስተኑ አምቆ የሚፈጥረውን ግፊት) 12 ባር ካለ፣ ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ባር ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትለኩት ያው ሞተር ወደ 9.6 ይጠጋል። ይህ ሳይሰላ ስንት ደህና ፋሻ ይጣላል!

መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቭ ክፍተቱን አስተካክሉ፤ ክፍተት ያጣ ቫልቭ ገጥሞ አይዘጋም። ከዚያ አሥር ደቂቃ ነድታችሁ አሙቁት፣ ቤንዚኑን ዝጉ፣ የካንዴላውን ዙሪያ አቧራ ነፍታችሁ ፍቱት። የተፈታውን ካንዴላ ኮፍያው ላይ መልሳችሁ ከቀዳዳው ራቅ አድርጉና የሞተሩን ብረት አስነኩት። ኮፍያው ባዶውን ከቀረ ሲዲአዩን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ሊያቃጥል ይችላል፤ ቀዳዳው አጠገብ ከፈነጠቀ ደግሞ የቤንዚን ተን ይቀጣጠላል።

ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) በካንዴላው ቀዳዳ በእጅ አጥብቁ። አየሩን የማያስመልሰው ቫልቭ ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ሞተሩ በኩል መሆን አለበት። ጌጁ በኩል ከሆነ የቱቦው ባዶ ቦታ ለትንሽ ሞተር ብዙ ነውና ንባቡ ይወርዳል። ቾኩን ክፈቱ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ጠምዝዛችሁ ያዙ (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ከ6 እስከ 10 ጊዜ እርገጡ።

መርፌው በመጀመሪያው እርግጫ ዝቅ ብሎ ቀስ በቀስ ከወጣ ፋሻውን ጠርጥሩ። ዝቅ እንዳለ ጨርሶ አልወጣ ካለ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን ነው።

ለማረጋገጥ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። “አንድ ማንኪያ” የሚለውን ምክር ግን አትስሙ። 125 ሲሲ ሞተር 9 ለ 1 የሚያምቅ ከሆነ ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት ሲሦውን ሞልቶ የውሸት ቁጥር ያወጣል። በሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ እሱም ራሱ ንባቡን አሥር አሥራ አምስት በመቶ ስለሚያነሣ፣ ጥፋቱ የፋሻው ነው የሚባለው ከዚያ በደንብ ካለፈ ነው። ሲሊንደሩ የተኛ ሞተር ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ ይህ ሙከራ አያስተማምንም።

ያኔ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ፒስተኑን ላይ አውጥታችሁ፣ ሞተሩ እንዳይዞር አጥብቃችሁ ይዛችሁ፣ በቀዳዳው አየር ስጡት። ማፍሰሱ በጭስ ማውጫ ከተሰማ የጭስ ቫልቭ፣ በካርቡሬተር ከሆነ የመሳቢያው፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻው ነው። ጓርኒሲዮኑን ለማየት የቴስታታውን መገጣጠሚያ የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ተበልቷል።