ከስሌት ወደ እጅ፦ ፑል ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ፑል ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ሲጫወት ቆሜ አየሁ። መስመሩን በደንብ ያያል። ጎንበስ ይላል። ስቴካውን ሁለት ሦስቴ ያመላልሳል። ልክ ሊመታ ሲል ግን ጥርጣሬ ይገባውና እጁን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ ያደርጋታል። ኳሷ የቀዳዳውን አፍ ገጭታ ትመለሳለች። ቀጣዩም እንደዚያው። የሚቀጥለውም።

እኔን ትዕግስት የሚያስጨርሰኝ ይሄ ስህተት ነው፤ ጎንበስ ካሉ በኋላ ማስላት። «ማነጣጠሪያ ዘዴ ትቼ በእጄ ስሜት መምታት ጀምሬያለሁ» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ማሰብ ያለባችሁ ቆማችሁ ነው! ቀዳዳው፣ የምታስገቧት ኳስና ነጯ (በስቴካ የምትገፋዋ ኳስ) አንድ ላይ ደህና አድርገው የሚታዩት ከላይ ነው። ጎንበስ ስትሉ ሥራው የእጅ ነው። ከተጠራጠራችሁ ተነሱ፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ በሉና እንደ አዲስ እዩት። ደግሞ የባሰው ነገር፣ በመጨረሻ ሰዓት እጃችሁን አጣማችሁ ኳሷ ስትገባ ነው። ያን ጊዜ እጃችሁ «ጠማማ ቆሜ፣ ጠምዝዤ ስመታ ይገባል» ብሎ ይማራል። ጨዋታው ሲከር ያ ጥምዘዛ በልኩ አይመጣም፤ ለማስተው ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ሁለተኛው፣ ዘዴውን ቶሎ መጣል። እኔም ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ የተማርኩት በምናብ ኳስ ነበር፤ ቀዳዳ ከምታስገቧት ኳስ ጀርባ፣ በቀዳዳው መስመር ላይ፣ ሌላ ኳስ ተጠግታ እንደተቀመጠች ማሰብ። ነጯ መድረስ ያለባት እዚያ ነው፤ ከመሃል እስከ መሃል አንድ ሙሉ ኳስ፣ 57 ሚሊ ሜትር ያህል። (ብዙ ጀማሪ የነጯን መሃል ኳሶቹ የሚነካኩበት ነጥብ ላይ ያነጣጥርና ኳሷን ከሚገባው በላይ ሞልቶ ይመታታል።) ትንሽ ስለምድ «ይሄ የልጆች ነው» ብዬ እርግፍ አድርጌ ተውኩት። አንድ ወር ሙሉ የምመታው ሁሉ ሳተ። ስሜቴ የሚመለስበት ቤት አልነበረውም።

ያዳነኝ አንድ ምት ነው። የነጯን መሃል በሌላዋ ኳስ ጠርዝ ላይ ስታነጣጥሩ፣ ኳሷ ከነጯ መስመር ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ዞር ብላ ትሄዳለች። ይህችን ብቻ ደርድሬ ማታ ማታ መታሁ፣ እጄ መጠየቅ እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ከሷ ወፈር ያለ (ኳሷን ይበልጥ ሞልቶ የሚነካ) ወይም ቀጠን ያለ (ወደ ጠርዟ የሚነካ) ሆነ።

ፍጥነት እየቀያየሩ መለማመድም ያው ጥፋት ነው። ኳሶች ሲነካኩ ይፋተጋሉ፤ ቀስ ብላችሁ ስትመቱ ነጯ ሌላዋን ትንሽ ጎተት ታደርጋታለች፣ ኳሶቹ ከቆሸሹ ደግሞ ይብሳል። የምናቧ ኳስ ይህን አትነግራችሁም። እጅ ግን ይማረዋል፣ አንድ ፍጥነት ላይ ከቆያችሁለት። እጅ ስሌትን የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

ነጯን በጎን መትቶ ማሽከርከር? መሃሏን በትክክል መምታት ሳትችሉ አትሞክሩት።

ዐይናችሁ በመጨረሻዋ ቅጽበት ነጯ ላይ ሳይሆን ቀዳዳ በምታስገቧት ኳስ ላይ ይረፍ።

ሌላው፣ የፊሊፒንሱን ዝነኛ የፑል ተጫዋች የኤፍሬን ሬየስን ቪዲዮ እያሳዩ «ተመልከት፣ ሳያነጣጥር ነው የሚመታው» ማለት ነው። ሰውዬው በ5 ዓመቱ ማኒላ፣ አጎቱ ጋ መጥቶ ፑል ቤት ውስጥ ነው ያደገው። ጠረጴዛው ስለማይደርስለት የለስላሳ ሳጥን ደርድሮ እላዩ ላይ እየቆመ ይጫወት ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከ40 ዓመት በላይ ነበር። ቪዲዮው ላይ ቀላል የሚመስለው ያ እጅ ያን ሁሉ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ኖሯል። እናንተ ሁለት ወር ተጫውታችሁ እጃችሁን አትውቀሱት፣ እባካችሁ።

የቅዳሜውን ልጅ ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ ከተጠራጠርክ ተነስ» አልኩት፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ጎንበስ አለ፣ ተነሳ። እንደገና ጎንበስ አለ፣ ተነሳ። ስቴካውን ጠመኔ ቀባና ለሦስተኛ ጊዜ ወረደ። አሁን እጁ አልተጣመመም። ኳሷ ጠርዝ ሳትነካ ጥግ ገባች፤ እሱ ግን ድምፁን እስኪሰማ ድረስ ከጎነበሰበት ቀና አላለም።