ወገብን በፒላተስ ማጠንከር፦ ለጀማሪዎች

በባሕር ዳር ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወንበር ላይ ወይም ባጃጅ ሲነዳ የዋለ ሰው ማምሻውን ወገቡን ይዞ ሲነሣ ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ፒላተስ የተባለውን የአካል እንቅስቃሴ ዘዴ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ዘዴው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠነክረው አከርካሪን ደግፈው የሚይዙትን የሆድ፣ የጀርባና የዳሌ ጥልቅ ጡንቻዎች ነው። የዘዴው መሥራች ጀርመናዊው ጆሴፍ ፒላተስ (1883–1967 እ.ኤ.አ.) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በብሪታንያ ታስሮ ሳለ ያዳበረውን እንቅስቃሴ ኋላ በኒው ዮርክ ከባለቤቱ ከክላራ ጋር አስተምሯል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚበረታ ማለዳው ይመረጣል። የጣና ዳር ሣርም ሆነ የቤት ወለል ደልዳላ እስከሆነ ድረስ ይስማማል፤ ሰሌን አንጥፎ ጋቢ መደረብ ይበቃል። ለስላሳ ፍራሽ ግን ወገብን ስለሚያሰምጥ አይሆንም።

መጀመሪያ የሚለመደው አተነፋፈስ ነው፤ እኔ እንደማምነው ይህን ሳያጠሩ ወደሚቀጥለው መሻገር ልፋትን ከንቱ ያደርጋል። በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው የእግርዎን መዳፍ መሬት ያስረግጡ፣ እጆችዎን በጎድን አጥንትዎ ላይ ያሳርፉ። በአፍንጫ አየር ሲስቡ ጎድንዎ ወደ ጎን ሲሰፋ በእጅዎ ሊሰማዎት ይገባል፤ በአፍ ቀስ ብለው ሲያስወጡ ደግሞ እምብርትዎን ወደ ጀርባዎ ይሳቡ። ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ከወጣ ወይም ትንፋሽዎን ካመቁ፣ አቋርጠው እንደገና ይጀምሩ።

ከዚያ እየተነፈሱ ዳሌዎን ያንሡ፤ አከርካሪዎ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ ከሰሌኑ ይላቀቅ፣ ሲመለስም እንዲሁ በተራ ይረፍ። ፍጥነት እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም፤ በጥንቃቄ የተሠራ አምስት ጊዜ፣ በችኮላ ከተሠራ ሃያ ይበልጣል።

ቀጥሎ «መቶው» የሚባለው ታዋቂ እንቅስቃሴ አለ። ክንዶች ከጎን ተዘርግተው ወደ ላይና ወደ ታች በአጭሩ ይመታሉ፦ አምስት ምት አየር ሲሳብ፣ አምስት ሲወጣ፣ በአሥር ትንፋሽ መቶ። ጀማሪ ራሱን ከሰሌኑ ሳያነሣ፣ እግሩንም መሬት አስረግጦ በሠላሳ ይጀምር።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በየጊዜው ሃያ ደቂቃ ለጀማሪ በቂ ነው። ፒላተስ የቆየ የወገብ ሕመምን ሊያስታግስ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከሌሎች የአካል እንቅስቃሴዎች ሁሉ እንደሚበልጥ ግን አልተረጋገጠም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሚዛናቸውን እንዲጠብቁም ይረዳል።

ነፍሰ ጡሮች፣ በተለይ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ፣ በጀርባ ተኝቶ መቆየቱ ስለማይመከር፣ አጥንታቸው የሳሳ ሰዎችም አከርካሪን ወደፊት ማጉበጥ ስለሚጎዳቸው፣ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ሕመሙ ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ወይም እግርን የሚያደነዝዝ ከሆነ እንቅስቃሴውን አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።