የታካሚ ምስጢር ከካርድ ክፍል እስከ ቡናው

ደሴም ይሁን መርሳ፣ ባቲም ይሁን ወረኢሉ፣ ወረፋ ከሚጠብቀው ሰው መካከል ለታካሚው ጎረቤት፣ አማች ወይም የዕድር አባል አይጠፋም። ስለዚህ የጤና ጣቢያ ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ከኮምፒውተር ሳይሆን በድምፅ፣ በመስኮትና በመዝገብ በኩል ነው።

ከካርድ ክፍል እንጀምር። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ወለሉ ላይ በቀለም መስመር ይሰመር፤ ጥበቃው ተራው ያልደረሰውን ከዚያ አያሳልፍ። መዝጋቢው ስም ከነአያት፣ ዕድሜና ቀበሌ ይጠይቅ እንጂ «ምን ሆነው መጡ?» አይበል፤ እሱ በር ዘግቶ የሚጠየቅ ነው። ካርዱን ራነር፣ ማለትም ካርድ አመላላሹ ሠራተኛ፣ ያድርሰው። ፎልደሩ ላይ የበሽታ ስም፣ ቀይ ነጥብ ወይም የተለየ ቀለም አይኑር። ሰው ትርጉሙን ለማወቅ ብዙ አይቆይም።

ታካሚን በቁጥር መጥራት ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አደገኛ ነው፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። በር ላይ ቁጥር ይጠራ፤ በሩ ሲዘጋ «ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ተብሎ ከካርዱ ጋር ይመሳከር። «ሰይድ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ በደንብ ያልሰማ ሰው «አዎ» ይላል፣ ሰይድ ደግሞ ብዙ ነው።

ከባዱ ምርመራ ክፍሉ ነው። መጋረጃ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከልልም። የታካሚውን ወንበር ከበሩ አርቃችሁ ከጠረጴዛው ጎን አስጠጉት፤ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሁለታችሁም ድምፅ ከፍ ታደርጋላችሁ። መጠበቂያው ላይ ሬዲዮ ቢከፈት ይረዳል። ጆሯቸው ለከበደ አዛውንት አትጩኹ፤ የልብ ማዳመጫውን (ስቴቶስኮፕ) የጆሮ ጫፎች እሳቸው ጆሮ ላይ አድርጋችሁ በሌላው ጫፍ በኩል በቀስታ ተናገሩ።

ወሎ ውስጥ ታማሚ ብቻውን አይመጣም። አስታማሚውን ማስወጣት የሚያስቀይመው ለአንዳንዱ ብቻ ሲደረግ ነው፤ «ምን ቢኖርባት ነው?» ያሰኛል። ስለዚህ ለሁሉም ይደረግ፦ «አባባ፣ ማንንም ቢሆን መጀመሪያ ለብቻ ነው የምናየው፤ አሁን እጠራዎታለሁ።» ታካሚዋን ለብቻዋ «እሳቸው ሲገቡ ምን ልንገራቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ጉዳይ ከሆነ ባል ስለጠየቀ ብቻ አይነገርም። ለሰኞ ገበያ ባቲ የመጣ አፋር አማርኛ ካልቻለ፣ አብሮት የመጣውን ሳይሆን ቋንቋውን የሚችል ሠራተኛ አስተርጓሚ አድርጉ።

መዝገብ ላይ ስታስፈርሙ የሌሎቹን ረድፎች በባዶ ወረቀት ሸፍኑ። በጣም ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ቦታ ይረሳል።

ፋርማሲ ላይ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ ስለሚንኳኳ ኪኒኑን ወደ ፌስታል ይገለብጡታል። በዚያ ላይ እርጥበት ያበላሸዋል። ኪኒኑን ከብልቃጡ እንዳያወጡት ንገሯቸው፤ ድምፁ እንዲቀንስ ብልቃጡን በጨርቅ ይጠቅልሉት። መድኃኒቱንም በማያሳይ ወረቀት ከረጢት ስጡ፤ ከረጢቱ ግን ለሁሉም ታካሚ አንድ ዓይነት ይሁን።

ለምክክር በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩ ፊት፣ ስምና የካርድ ቁጥር ይቆረጥ፤ ራጅ ጥግ ላይ ስም እንዳለ አትርሱ። ቡድን ውስጥ ሳይሆን ለአንድ ሐኪም ላኩ፣ ከጋለሪም አጥፉ። ታካሚ ጋ ስትደውሉ ሌላ ሰው ካነሳ ከየትኛው ክፍል እንደምትደውሉ አትናገሩ።

ቡና ላይ «ያቺ ልጅ ምን ሆና መጣች?» መባሉ አይቀርም። «አላየኋትም» ውሸት ነው፤ «ደህና ናት» ደግሞ መምጣቷን ያረጋግጣል። የሚሻለው «እትዬ፣ ስለ ታካሚ አላወራም፤ የእርስዎንም ቢሆን ለማንም አልናገርም» ነው። ጠያቂዋ «የእርስዎንም» የሚለውን ስትሰማ ብዙ አትገፋም።

ያገለገለ የላብራቶሪ ወረቀት ሱቅ ሄዶ ስኳር መጠቅለያ እንዳይሆን በየሳምንቱ ማቃጠያው ላይ ሰው ቆሞ ያቃጥለው።

ፖሊስ በቃል ቢጠይቅ ደብዳቤ ለኃላፊው እንዲያመጣ ንገሩት፤ የሚሰጠውም የተጠየቀው ብቻ ነው፣ ቅጂውም ካርዱ ውስጥ ይቀመጣል። ለአሠሪ የሚጻፍ የሕመም ፈቃድ የዕረፍቱን ቀናት ይጥቀስ እንጂ ታካሚው ካልፈቀደ የበሽታውን ስም አይጻፍበት። የሙያ ምስጢርን ማውጣት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። አዲስ ሠራተኛ፣ ጥበቃና ጽዳት ጭምር፣ ሥራ ሲጀምር ይህ ተነግሮት ይፈርም።