በክፉ ጊዜ ሙያ እንዴት ይቀየራል?

ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር አንድ ነው፤ «ዝም ብለህ ያለህን ያዝ»። እሺ ይሁን። ግን የያዛችሁት ሥራ ራሱ ሊያመልጣችሁ ከሆነስ? ወይ ድርጅቱ ሰው መቀነስ ጀምሯል፣ ወይ ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፣ ወይ ደግሞ ቅነሳው እናንተ ጋ ደርሶ ቤት መዋል ከጀመራችሁ ሰነባብቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜም ሙያ መቀየር ይቻላል። በአንድ ዝላይ ግን አይሞከርም።

መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ

ሲቪ ከመንካታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። የማይቀሩትን ወጪዎች ብቻ ጻፉ፦ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ዕዳ፣ የልጆች ትምህርት ቤት። እጃችሁ ላይ ያለውን ገንዘብ ለድምሩ አካፍሉት። በወር የግድ 10 ሺህ የሚያወጣና 45 ሺህ የቆጠበ ሰው አራት ወር ተኩል አለው ማለት ነው። ዕቅዱን የምትወስነው ይቺ ቁጥር ናት። ከሦስት ወር በታች ከሆነች መጀመሪያ ገቢ የሚያስገኝ ማንኛውንም ሥራ ያዙ፣ አዲሱን ሙያ ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ ፈልጉት። አያሳፍርም።

ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ የሚቀጥለው ውል ሳይፈረም መልቀቂያ እንዳታስገቡ። «በቃል ተስማምተናል» አያስተማምንም፤ ገንዘብ ሲጠብ የቅጥር በጀት በአንድ ስብሰባ ይሰረዛል።

ሥራ ከፈታችሁ ቆየት ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በ100 የአሜሪካ ከተሞች ለወጡ እውነተኛ የሥራ ማስታወቂያዎች የፈጠራ ሲቪ ላኩ። ሰው ሥራ ሳይኖረው በቆየ ቁጥር ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድሉ ይቀንሳል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 8 ወራት። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ደስ የሚለው፣ የሥራ ገበያው በተዳከመባቸው ከተሞች ይሄ ጫና ቀለል ማለቱ ነው። ቀጣሪውም ጊዜው ክፉ መሆኑ ይገባዋል። ስለዚህ ክፍተቱን ለመሸፈን ሲቪ ላይ ቀን አትቀያይሩ። «ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣሁ» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፉት።

አንዱን ብቻ ቀይሩ

ማንኛውም ሥራ ሁለት ነገር አለው፦ የምትሠሩት ነገርና የምትሠሩበት ዘርፍ። ሁለቱን በአንዴ አትቀይሩ። ሆቴል ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ የሆነች ሴት ሆስፒታል ገብታ የዳታ ባለሙያ መሆን ትፈልጋለች እንበል። መጀመሪያ በሂሳብ ሠራተኝነቷ ሆስፒታሉ ውስጥ ትግባ። እዚያ ሆና የዳታ ክፍሉን ሰዎች ትወቅ፣ ሪፖርት በማዘጋጀቱ ታግዝ፣ ቦታ ሲከፈት ታመልክት። ሲያዩት ቀስ ያለ መንገድ ይመስላል፤ እኔ ግን ፈጣኑ ይሄ ነው ባይ ነኝ። በደህናው ጊዜ «ገብታ ትማራለች» የሚል ቀጣሪ አይጠፋም። ኪስ ሲሳሳ ግን ሥልጠና ቶሎ ከሚቆረጡት ወጪዎች አንዱ ነው፣ በዚያ ላይ ልምድ ያላቸው ሰዎች በር ላይ ተሰልፈዋል።

ወደ የትኛው ዘርፍ ለሚለው፣ ቀውስ ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ባንክንና የቤት ግንባታን መታ፣ እ.ኤ.አ. የ2020ው ደግሞ ሆቴልንና አየር መንገድን። በአብዛኛው ግን ሰው ለከርሞ ሊያቆየው የሚችለው ነገር ቀድሞ ይወድቃል፦ ጉዞ፣ አዲስ መኪና፣ የቅንጦት ዕቃ። ሕክምና፣ ምግብ፣ መብራትና ውሃ ላይ የሚሠሩት ይሻላሉ። ጥገናም እንደዚያው፤ አዲስ መግዛት ያቃተው ሰው አሮጌውን ያሠራል።

አሮጌውን ልምድ በአዲሱ ቋንቋ ጻፉ

ከምትፈልጉት ሥራ 15 ያህል ማስታወቂያ ሰብስቡና ተደጋግመው የሚመጡትን ቃላት አስምሩባቸው። በሌላ ስም ስትሠሩት የኖራችሁት ነገር እዚያ ውስጥ አይጠፋም። ማስታወቂያዎቹ ላይ የሌለ ነገር ለመማር ደግሞ ገንዘብ አታውጡ። ሰርተፍኬት የሚሸጥላችሁ ሰው ሞልቷል።

አንዱ ሲቪ «የደንበኞች አገልግሎት ላይ ሠርቻለሁ» ይላል። ምኑን ነገረን? ያው ሰው «በቀን ወደ 40 ቅሬታ እየመዘገብኩ ለየክፍሉ አከፋፍል ነበር፤ የሚደጋገሙትን ለይቼ በየሳምንቱ ሪፖርት አቀርባለሁ» ቢል ግን መረጃ የሚሰበስብ፣ የሚለይና የሚተነትን ሰው ሆኖ ብቅ ይላል። ሥራው ያው ነው። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ሲቪን መጀመሪያ በሶፍትዌር ስለሚያጣሩ፣ እውነት እስከሆነ ድረስ የማስታወቂያውን ቃል ራሱን ተጠቀሙ። መስፈርቱን በሙሉ ካላሟላሁ ብላችሁም አትቅሩ፤ ዋና ዋናዎቹ ካሏችሁ አመልክቱ።

ሰው አናግሩ

ቁጭ ብሎ በየድረ ገጹ መቶ ሲቪ መበተን የሠራን ያስመስላል እንጂ ብዙም አያራምድም፣ በተለይ ሙያ ለሚቀይር ሰው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች ያሳየው ነገር አለ፦ የሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልብ ጓደኛ ሳይሆን እንዲሁ ከምናውቀው ሰው ነው። ጓደኛችን የሚሰማውን እኛም ሰምተነዋል። ድሮ አብሮን የሠራው ሰው ግን ሌላ ሰፈር ነው የሚውለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሊንክድኢን የተባለውን የሥራና የሙያ ትውውቅ ድረ ገጽ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ያካተተ ጥናት ሲወጣም ለሥራ ለውጥ ይበልጥ የጠቀመው ይኸው መካከለኛ ትውውቅ ሆኖ ተገኘ።

መልእክቱ አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«ሰላም፣ እንዴት ከረምክ? ድሮ ግዢ ክፍል አብረን ነበርን። አሁን ከሂሳብ ወደ ዳታ ሥራ ለመግባት እየሞከርኩ ነው። አንተ እዚያ ስለቆየህ የዕለት ተዕለት ሥራው ምን እንደሚመስል 15 ደቂቃ ብታወራኝ ደስ ይለኛል። ሥራ ፈልግልኝ አልልህም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሰውየው ነገሩን ታቀልለታለች። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት «ሌላ ማንን ባናግር ይሻላል?» በሉ። ፍለጋው የሚቀጥለው በዚህች ጥያቄ ነው።

ቋሚ ቅጥር ቢዘጋም የኮንትራት ሥራ ሊኖር ይችላል። የስድስት ወር ውል ስታዩ አትናቁት፤ አዲሱን ሙያ ሲቪ ላይ የሚያስገባላችሁ እሱ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ሥራ ሲጠፋ አጭበርባሪ ይበዛል። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና፣ ለዩኒፎርም እያለ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ «ቀጣሪ» ቀጣሪ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ሳይኖር የባንክ መረጃና መታወቂያ ላኩ ከተባላችሁም ተዉት።

እውነተኛ ሥራ ሲመጣ ደስታው እንዳያስቸኩላችሁ። በብዙ ቦታ ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው መጨረሻ የገባው ነው፣ ስለዚህ ጠይቁ፦ ቦታው አዲስ ነው ወይስ የለቀቀ ሰው አለ? የለቀቀው ለምን ሄደ? የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? ባለፈው ዓመት ሠራተኛ ቀንሳችኋል? ደመወዙን ከፍ ማድረግ አንችልም ካሏችሁ ደግሞ ከማሰናበታቸው በፊት የሚሰጧችሁ የማስጠንቀቂያ ጊዜ እንዲረዝም፣ ወይም ከስድስት ወር በኋላ ደመወዙ እንደገና እንዲታይ ጠይቁና ውሉ ላይ አስገቡት።