ወረርሽኝ ሲመጣ ባለሱቅ የሚሠራቸው ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዐርብ ነበር። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ መገኘቱ የተነገረው የዚያን ዕለት ነው። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወዲያው ዋጋቸው ሰማይ ነካ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አትክልትና አስቤዛ እሸጣለሁ። ያን ጊዜም እሸጥ ነበር። አሁን በቴሌግራም አስቤዛ ለመሸጥ የተነሡ ወጣቶች እየመጡ ምክር ይጠይቁኛል። እወዳቸዋለሁ፤ ፈጣኖች ናቸው፣ ሥራ አይፈሩም። ስለ ወረርሽኝ ሳነሳ ግን «እሱማ አለፈ» ይሉኛል። የሆነ ቦታ ኮሌራ ገባ በተባለ ቁጥር ያኔ ያየኋቸው ስህተቶች አንድ በአንድ ሲመለሱ አያለሁ። ስለዚህ ልጻፋቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋ መቆለል

በዚያ ሰሞን ዋጋ ቆልለዋል የተባሉ ብዙ ሱቆች ታሽገዋል። እሽጉ ቆይቶ ይነሣል። የሰፈር ሰው ግን አይረሳም። ልጁ ታሞበት ሎሚ ሊገዛ መጥቶ የተዘረፈ አባት፣ ነገር ሲረጋጋ በደጃችሁ አልፎ ሌላ ሱቅ ይገባል።

«የጅምላው ዋጋ ከጨመረስ?» ትሉኛላችሁ። የጨመረውን ያህል ጨምሩ። አስቀድማችሁ በቀድሞው ዋጋ የገዛችሁትን ግን በቀድሞው ዋጋ ሽጡ። ዕቃው እንዳያልቅ ከፈለጋችሁ በዋጋ አታባርሩ፤ በመጠን ገድቡ። ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት በሉና በወረቀት ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ሰው ለሁሉም እኩል መሆኑን ካየ አይቆጣም። የሚቆጣው ከእሱ በኋላ የመጣ ዘመድ ከጓሮ በኩል ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ ነው።

ሰልፉን ከውስጥ ወደ ውጭ ማውጣት በቂ ነው ብሎ ማሰብ

ፒያሳ አትክልት ተራ የከተማዋ ዋና የአትክልት ገበያ ነበር። ጠባብ ነው፣ ሰው በሰው ላይ ነው። በ2012 የፋሲካ ሰሞን ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ጃንሜዳ ሰፊ ነው፣ አየር አለው። ግን ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃ ሆነ። ሻጩ ቲማቲሙ እንዳይበሰብስበት፣ ገዢው እግሩ እንዳይሰምጥ ደረቅ መሬት ይፈልጋል፤ ደረቅ መሬት ያለበት ደግሞ ሁሉም ይጠጋጋል። ርቀት የተባለው ነገር እዚያ ላይ ቀረ። በ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው መጽዳት ስለነበረበት ገበያው እንደገና ተነሥቶ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙ። ሰው የሚጨናነቀው ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚመጣ ጭምር ነው። ደጃፋችሁ ላይ በኖራ ሁለት የአዋቂ እርምጃ እየለካችሁ ምልክት ማድረግ ጥሩ ነው። ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የመጣውን ሕዝብ ግን ኖራ አይበትነውም። ሰዓት ክፈሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ዉልዎርዝስ የተባለው ሱፐርማርኬት በዚያው መጋቢት ወር የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ብቻ አድርጎ ነበር። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ለትልልቅ ሰዎች ብላችሁ ዕድርተኞቹን ንገሩ፤ ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል።

ሌላው መላ አስቀድሞ መዝኖ ማሰር ነው። ቲማቲም እየጨመቁ የሚመርጡ እጆች ብዙ ናቸው። አንድ ኪሎ፣ ሁለት ኪሎ እያላችሁ በመረብ ከረጢት አስራችሁ አስቀምጡ። ገዢው አንሥቶ ይሄዳል። ታዲያ የተበላሸውን ከሥር አትደብቁ።

አትክልት በበረኪና ወይም በሳሙና ማጠብ

አታድርጉ። ንጹህ የሚፈስ ውሃ ይበቃል። በረኪናው ለወለል፣ ሳሙናው ለእጅ ነው።

ሳይጠይቁ ዕቃ መተካት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

አንዲት እናት በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም መካከል ወደ አንድ ሱቅ ደውለው አስቤዛ አዘዙ። ስኳር አለባቸው። ልጆቻቸው ከቤት እንዳይወጡ ለምነዋቸዋል። ካዘዙት ውስጥ የጾም ብስኩት ነበረበት። ሱቁ ውስጥ አልቋል። ትእዛዙን የሚያዘጋጀው ልጅ ሳይደውል ወተት ያለበትን አስገባላቸው። ምስር ክክ ባሉት ፋንታም የአተር ክክ ላከ። የልጅ ልጃቸው ማሸጊያውን አንብባ ባትነግራቸው ኖሮ ጾማቸውን ይፈቱ ነበር። በማግሥቱ እማማ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ራሳቸው ገበያ ወጡ።

ልብ በሉ፤ ስህተቱ የብስኩት አይደለም። በስልክ የማዘዝ ዓላማ እኚህን እናት ቤታቸው ማቆየት ነበር። አንድ የተሳሳተ ፌስታል መልሶ ሰው መሃል አስገባቸው። እሳቸው ደግሞ ለጎረቤት ይናገራሉ። «ልጄ፣ በስልክማ አትዘዢ፤ ያሻቸውን ነው የሚልኩት» ይላሉ። በአንድ ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። እናንተ ግን ሞተርና ስልክ ስላላችሁ ብቻ ዘመናዊ የሆናችሁ ይመስላችኋል!

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ትእዛዝ ስትቀበሉ ለእያንዳንዱ ዕቃ «ከሌለ ምን ላድርግ? ልተወው ወይስ ሌላ ልላክ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲጨርሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሳችሁ አንብቡላቸው። «አምስት ሽንኩርት» ቢሏችሁ አምስት ኪሎ ይሁን አምስት ፍሬ አረጋግጡ። በመደብ መግዛት የለመደ ሰው ኪሎ ሲባል ግር ይለዋል። ቴሌግራም ለሚጠቀም ደንበኛ ቲማቲሙን ከማሰራችሁ በፊት ፎቶ ላኩለት። ለማይጠቀም ደውሉ። ጾም ላይ ያለ ቤት ከሆነ በዝርዝሩ ራስጌ ጻፉት፤ ሙስሊም ቤት ከሆነም እንዲሁ።

ትእዛዝ የሚያዘጋጀውም ሰው ራሱን የቻለ ይሁን። ቆጣሪው ላይ ደንበኛ እያስተናገደ፣ በጎን ስልክ እያነሳ፣ በመሃል ፌስታል የሚሞላ ልጅ መሳሳቱ አይቀርም። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የባለቤቱ ነው። የእንግሊዙ ቴስኮ በሳምንት ወደ 600 ሺህ ገደማ የነበረውን የቤት ለቤት ማድረሻ በጥቂት ወራት ወደ 1.5 ሚሊዮን ያሳደገው ከሱቆቹ መደርደሪያ ዕቃ የሚለቅሙና የሚያደርሱ ብዙ ሠራተኞችን ቀጥሮ ነው። እናንተ አንድ ሰው ቢኖራችሁ እንኳ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ባለው ሰዓት ትእዛዙን ይጨርስ።

ክፍያም አለ። በ2012 ቴሌብር ገና አልነበረም፤ የመጣው በግንቦት 2013 ነው። ዛሬ ከሞባይል ክፍያ ውጭ አንቀበልም የሚሉ አሉ። በስልክ መክፈል የማይችሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ እነዚያው ከቤት እንዳይወጡ የምንፈልጋቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ለእነሱ መልሱን አስቀድማችሁ ቆጥራችሁ በፖስታ ላኩ።

ሠራተኛ እንዴት እንደሚመጣ አለማሰብ

በ2012 ታክሲ በግማሽ እየጫነ በእጥፍ ዋጋ ይሠራ ነበር። ደመወዙ ያልተጨመረ ልጅ ያንን ከየት ያመጣዋል? ትራንስፖርቱን ቻሉት። ሠራተኞቻችሁን በሁለት ፈረቃ ክፈሉና አንዱ ሌላውን እንዳያገኘው አድርጉ፤ አንዱ ቡድን ቢታመም ሱቁ አይዘጋም። ከሁሉ በላይ፣ ታሞ የቀረ ሰው ደመወዙ አይቆረጥ። ከተቆረጠ ትኩሳቱን ደብቆ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እናንተም ደንበኛውም ዕዳ ውስጥ ናችሁ።

ቀን መቁጠሪያ ሳያዩ ማከማቸት

በሽታው የገባው በጾም ነበር። ምስርና ሽሮ ተሻሙ። ምስር ከአቅሙ በላይ ገዝቶ የቆለለ ሰው ብዙ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ሆነ። ፈላጊው ወደ ዶሮ፣ እንቁላልና ቀይ ሽንኩርት ዞረ። 5 ቀን ሳይቆይ ረመዳን ገባና ደግሞ ቴምርና ሳምቡሳ ተፈለገ። የተከማቸው ምስር ነቀዝ ያዘው። ወረርሽኝ የሰውን ጾምና በዓል አይለውጥም። ሽንኩርትም አየር ካጣ ይበሰብሳል፤ ድንችና ሽንኩርትን አንድ ላይ አታስቀምጡ።

ዱቤን በአንድ ጊዜ መዝጋት

በዚያ ወቅት ካፌው ሲቀዘቅዝ አስተናጋጁ ሥራ ፈታ፤ የቀን ሠራተኛው የሚቀጥረው አጣ። ብዙ ባለሱቅ «ዱቤ የለም» ብሎ ለጠፈ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ጅምላ ሻጩም እጅ በእጅ ብሎናል። ግን ትልቁ ሱፐርማርኬት የሌለው፣ የሰፈር ሱቅ ብቻ ያለው ነገር ያ ደብተር ነው። ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቀው የሰፈር ባለሱቅ ነው።

ጣሪያ አብጁለት። ለአንድ ቤት በወር ይህን ያህል ብላችሁ ወስኑ፤ በሁለት ደብተር ጻፉ፣ አንዱ ደንበኛው ጋ ይሁን። በዱቤ የሚሰጠው ጤፍ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ጨውና ሳሙና ብቻ ይሁን። ለስላሳና ሲጋራ እጅ በእጅ። የሚችሉ ደንበኞቻችሁን ደግሞ ቀድመው እንዲከፍሉ ጠይቋቸው። ማዕድ ማጋራት በተባለበት ሰሞን ለጎረቤታቸው ብለው ገንዘብ እኛ ጋ ያስቀመጡ ነበሩ፤ ስማቸው እንዲነገር የፈለገ የለም።

ጣሪያው ላይ ለደረሰ ሰውም ቢሆን ሳሙና አትከልክሉት። በዚያው እጅ ነገ የእናንተን በር ይከፍታል፣ ብሩንም ያቀብላችኋል።