መኃልየ መኃልይን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ እዚህ ሐዋሳ ሲያገባ የጥሪ ካርዱን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። በሙሽራው ስም ሥር «እንደ ማኅተም በልብሽ አኑሪኝ» ብዬ አሳተምኩ። ካርዱ ተበትኖ ካለቀ በኋላ፣ ልጅ ሳሉ ቅኔ ቤት የዋሉት አጎቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ ይሄን ማን ለማን ነው ያለው?» አሉኝ። ቤት ገብቼ ጥቅሱን የወሰድኩበትን መኃልየ መኃልይን፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን የፍቅር መዝሙር፣ ገለጥኩ። 8፥6 ላይ «በልብህ» ይላል። ተናጋሪዋ ሴቷ ናት። ጾታውን የቀየርኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን መጽሐፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከታች ያሉት እኔ የሠራኋቸው፣ ሰርግና ጉባኤ ላይም የምሰማቸው ስህተቶች ናቸው።

ተናጋሪውን አለመለየት

እንግሊዝኛ አንተና አንቺን አይለይም። ስለዚህ አንዳንድ ትርጉሞች «እሱ»፣ «እሷ» የሚል ርዕስ ይጨምራሉ። ዕብራይስጥ ግን እንደኛው ይለያል፤ ሰበብ የለንም። 1፥15 ላይ «ውብ ነሽ» ይላታል፤ ቀጥሎ «ውብ ነህ» ብላ ትመልስለታለች። በመጽሐፉ ውስጥ አብዝታ የምትናገረው እሷ ናት። ሌሊት ተነሥታ በከተማው ጎዳና የምትፈልገውም እሷ ናት። ይህን ካላየን ወዳጁን እግዚአብሔር አድርጎ የሚያነበው መንፈሳዊው ትርጉምም ይዛባል። እሷ እስራኤል ወይም ነፍስ ከሆነች፣ ሰው ዝም ብሎ ተፈላጊ ብቻ አይደለም፤ ውድቅት ላይ ወጥቶም ይፈልጋል።

ለወርቁ ብሎ ሰሙን መጣል

ትልቁ ስህተት ለእኔ ይሄ ነው። በአንድ ጉባኤ ላይ አንባቢው 4፥5 ላይ ሲደርስ ፊቱ ቀላ። «ወገኖቼ፣ ይሄ ስለ ሥጋ አይደለም» ብሎ ተቻኮለና ሁለቱ ጡቶች ብሉይና ሐዲስ ናቸው አለ። አይሁድም በበኩላቸው ሙሴና አሮን ናቸው ያሉበት ትርጓሜ አላቸው። ምሥጢር መፈለጉ ጥንታዊ ነገር ነው፤ ችግር የለውም። በእኛም ቤት በወርኃ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አበባው የእመቤታችን ምሳሌ ሆኖ ይዘመራል። ችግሩ መቻኮሉ ነው።

አንጥረኛ ወርቁን ለማግኘት ሰሙን ያቀልጠዋል፤ ሰሙ ይፈስና ያልቃል። ባለቅኔ ግን እንዲህ አያደርግም። የቅኔው ሰም ካላማረ ወርቁም አይጥምም። የእግዚአብሔር ፍቅር በሙሽሮች ናፍቆት የተመሰለው እኮ ናፍቆት ምን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። ፍቅረኛው በራፉን አንኳኩቶ፣ እሷ ተነሥታ ስትከፍት ሄዶ ያጣችበትን (5፥6) ያንን ድንጋጤ ካላየን ምሳሌው ምን ይነግረናል?

በተቃራኒውም ስህተት አለ፤ ምሥጢሩን ጥሎ ዘፈን ብቻ ማድረግ። የጥንቱ የአይሁድ መምህር ረቢ ዓቂባ «መጻሕፍት ሁሉ ቅዱስ ናቸው፤ መኃልየ መኃልይ ግን ቅድስተ ቅዱሳን ነው» ብሏል። ይኸው ሰው መጽሐፉን በግብዣ ቤት ለጨዋታ የሚያዜመውን አጥብቆ አውግዟል። አዜሚዎች ባይኖሩ ማን ላይ ይቆጣ ነበር? በነገራችን ላይ ስሙም የተሠራው እንደ «ንጉሠ ነገሥት» ነው፤ ከመዝሙር ሁሉ የሚበልጥ መዝሙር ማለት ነው።

በዛሬ መስታወት ማየት

ፍቅር ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ወጣት እጮኛውን «ጸጉርሽ የፍየል መንጋ ይመስላል» ቢላት ባጃጅ ጠርታ ወደ ቤቷ ነው። ግን 4፥1ን ልብ ብላችሁ አንብቡ፦ መንጋው ከገለዓድ ተራራ እየወረደ ነው። ማታ ላይ ጥቁር ፍየሎች ተራራ ሲወርዱ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ጥቁር ነገር እየተወዛወዘ ቁልቁል ሲፈስ። ሆዷ የስንዴ ክምር መባሉም (7፥2) ለገበሬ ስድብ አይደለም። የዓመቱ ደስታ አውድማ ላይ ተከምሮ ነው። እኛስ «አንገቷ መቃ፣ ጥርሷ በረዶ» እንል የለ?

አጋፔ የእግዚአብሔር፣ ሌላው የሰው ነው ማለት

አጋፔ በግሪክ ፍቅር ማለት ነው፤ ይህን ስብከት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን የጥንቱ የግሪክ ትርጉም፣ ሰብአ ሊቃናት፣ በመኃልየ መኃልይ ውስጥ ለሁለቱ ፍቅረኞች ፍቅር የተጠቀመው ቃል አጋፔ ነው። «ፍቅር እንደ ሞት የበረታች ናት» የሚለውም ያው ነው። ይባስ ብሎ አምኖን በትዕማር ላይ ላደረበት ምኞትም (2ኛ ሳሙኤል 13፥15) ያንኑ ቃል አስገብቷል። በአንድ ቃል ግንብ ሠርተን ሁለቱን ፍቅር አንለያይ።

ሆሴዕን ገልብጦ መስበክ

እዚህ ላይ ቀልዴን ትቻለሁ። ትዳሯ ውስጥ የምትደበደብ ሴት «ሆሴዕ እንኳ ታግሦ የለም ወይ?» ስትባል ሰምቻለሁ። የነቢዩ ትዳር የእግዚአብሔርና የእስራኤል ምሳሌ በሆነበት በትንቢተ ሆሴዕ ውስጥ ግን የተከዳው ባል ነው። ምዕራፍ 3 ላይ ሴቲቱን በ15 ሰቅል ብርና በገብስ ዋጀ፤ አልመታትም። እግዚአብሔር በባል ተመሰለ ማለት ደግሞ ባል እግዚአብሔር ሆነ ማለት አይደለም። ምሳሌ ወደ ኋላ አይነዳም።

ሆሴዕ 2፥16ን እዩልኝ። እግዚአብሔር «ዳግመኛ በኣሌ አትዪኝም» ይላል። በኣል በዕብራይስጥ ጌታ፣ ባለንብረት፣ ባልም ማለት ነው፤ የጣዖቱም ስም ነው። በምትኩ የመረጠው ቃል «ኢሺ» ነው፣ የእኔ ሰው እንደማለት። የሚገርመው የእኛ «ባል» እና «ባለቤት» ከዚያው ከበኣል ሥር የወጡ መሆናቸው ነው። አማርኛው «ኢሺ»ን «ባሌ» ብሎ ሲተረጉም፣ እንቢ የተባለውን ቃል ዘመድ መልሶ አስገባው። ተርጓሚውን አልፈርድበትም፤ ሌላ ምን ቃል አለን?

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰርግ መጣ። የማኅተሙን ጥቅስ እንዳለ በሙሽሪት ስም ሥር አደረግኩት። ሙሽራው «የእኔስ?» አለኝ። 4፥9ን ሰጠሁት፤ በአንድ እይታዋ ልቡ የተሰረቀበትን። አጎቴ ካርዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት።