ሮቦቴ ስትነሳ የምትጠፋበትን ምክንያት አገኘሁት

ሞተሮቹ ሊዞሩ ሲሉ አርዱይኖው (ኮዱን ይዞ ሮቦቷን የሚያዘው ትንሽ ሰሌዳ) ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ስፈትሽ ከረምኩ። ኮዱ ምንም አልነበረበትም።

በመጨረሻ መልቲሜትሩን (ቮልት መለኪያውን) ባትሪው ላይ ያዝኩ። ሞተሮቹ ሲቆሙ 9 ቮልት፣ ሲነሱ ወደ 5 ይወርዳል! ያቺ አራት ማዕዘን የ9 ቮልት ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንሷ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያላት ተቃውሞ) ከፍ ያለ ነው። የኦም ሕግ (ቮልት = አምፒር × ኦም) እዚህ ላይ ነው የገባኝ፦ 2 አምፒር በ2 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 4 ቮልት እዚያው ባትሪው ውስጥ ይቀራል። አርዱይኖ ኡኖ ደግሞ ባትሪው በሚገባበት መግቢያ 7 ቮልት ያህል ይፈልጋል።

ለሞተሮቹ ብቻ አራት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ በተከታታይ አያያዝኩ፤ 6 ቮልት። 9 ቮልቷን ለአርዱይኖው ተውኩለት። የሁለቱን የባትሪ ምንጮች ኔጌቲቭ ግን አገናኙ፤ አለበለዚያ የሞተር ድራይቨሩ (ከአርዱይኖው ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰርኪት) ትእዛዙን በትክክል አያነብም።

አሁን ሳትጠፋ ክፍሉን ዳር እስከ ዳር ትሄዳለች።